ከሉፑናው ዛፍ ሥር ዛሬ ማታ ስለምትታሰረው መርከብ

ለተከበሩ የፑኤርቶ ሳን ኮስሜ ወደብ ሹም፣ ለዶን ኤዝኪኤል ባራንቴስ፦

እባክዎን ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ ይመኑኝ። ከዛሬ በኋላ ዕድሜ ልክዎን ባያምኑኝ ቅር አይለኝም፣ ዛሬን ግን ይመኑኝ። እንዴት ሰነበቱ፣ ወገብዎን ተሻለዎት ወይ፣ ባለቤትዎ ልጆችዎ ደህና ናቸው ወይ፣ እኔ እግዜር ይመስገን በሕይወት አለሁ፣ ለእርስዎም ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ፣ ስልክ ለማንሳት መቼም ጤና ያስፈልጋል።

እኔ ኬይላ ካናኪሪ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ በር ላይ በጭቃ እግሯ ቆማ ስታለቅስ የነበረችው ልጅ ማለት ነኝ፣ ምናልባት በመስኮት አይተውኝ ይሆናል፣ መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ማርሌኔ አቤቱታ በአፍ አይሆንም ጽፈሽ አምጪ ስላለችኝ፣ ይኸው ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ ተደግፌ እየጻፍኩ ነው። ትምህርቴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ እንደምናገረው ነው የምጽፈው፣ ስህተቱን ይለፉኝ። አንዱን ወረቀት በርዎ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሌላውን ለሬዲዮው ለዶን ሩማልዶ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው የወንዙን ሰው መልእክት ሲያነቡ ከእነ እገሌ ታመመ ከእነ እገሊት ወለደች ጋር አብረው ያነቡልኛል። እርስዎ ሁሌ ቢሮዬ ለሕዝብ ክፍት ነው ስለሚሉ እኔም ደብዳቤዬን ክፍት ላድርገው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋርሳ የምትባለው የመንገደኛ መርከብ ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ ፓውሂል ኩርባ ላይ፣ ከረጅሙ አፋፍ ሥር፣ ገመዷን ከትልቁ ሉፑና ዛፍ ጋር ታስራለች። ወንዙ እየጎደለ ነው። አፋፉ ይናዳል። የምሠራላቸው እትዬ ግሪሴልዳ መርከቡ ውስጥ ናቸው። እርስዎ በቢሮዎ ሬዲዮ አንድ ቃል ቢናገሩ ካፒቴኑ ማዶ አሸዋው ላይ ያስራል። በቃ ይኸው ነው። ሌላው ቅሬታ ነው፣ ሲመችዎ ያነቡታል፣ ይሄን ግን አሁን።

አንደኛ ቅሬታዬ የአምናው ነው። አምና ወንዙ ሞልቶ ሞልቶ መጉደል ሲጀምር እረፍት ወጥቼ አጎቴ ሴጉንዶ ዘንድ ነበርኩ፣ ሳንታ ኤልቪራ፣ ያው ፓውሂል ኩርባ አፋፉ ላይ የነበረችው መንደር ማለት ነው፣ ነበረች ነው የምለው። ጠዋት ስንነሳ ከምድጃው ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቆ አገኘነው፣ ጣት ያስገባል፣ ከሰዓት በኋላ ክንድ አስገባ። እኔ ኔትወርክ እስካለበት ድረስ ሮጬ ደወልኩልዎ። እኛ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች አፋፍ ሊናድ ሲል የውሃ እናት ከሥር ዞረች ነው የምንለው፣ ትልቋን እባብ ማለታችን ነው፣ አያቶቻችን እንደዛ ብለው ስላሳደጉን፣ እኔም በድንጋጤ የውሃ እናት እየዞረች ነው ድረሱልን አልኩኝ። ወይዘሪት ማርሌኔ ስልኩን በእጇ ከድና ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ተቀበሏትና በዚያ በሚያምር ድምፅዎ፣ «የኔ ልጅ፣ እባቧ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አውጥታለች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፣ አልክድም፣ በሌላ ቀን ብሰማው እኔም እስቅ ነበር።

በማግስቱ አፋፉ ሄደ። ቤቶቹ ሄዱ፣ የሙዝ ተክሉ ሄደ፣ መረቤን ላውጣ ብሎ ተመልሶ የገባው አጎቴ ሴጉንዶም ሄደ። ድምፁን እንዴት ብዬ ልንገርዎ፣ ነጎድጓድ አይደለም፣ አንድ ትልቅ ነገር ተኝቶ ሲተነፍስ ነው የሚመስለው፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ማዕበሉ ይመጣል። እርስዎም ከመሐንዲስና ከካሜራ ጋር መጥተው የተፈጥሮ አደጋ ነው ብለው ስለመሰከሩልን እስከ ዛሬ እናመሰግናለን፣ እኛማ ሰው የሠራው መስሎን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ተረት አለ፣ እኔ ግን ለእርስዎ አልተርትም።

ስለዚህ ዛሬ ስለ እባብ አንድ ቃል አይወጣኝም። የማወራው ስለ አፈር ነው።

ሁለተኛው የእርስዎ ፎቶግራፍ ነው። እትዬ ግሪሴልዳ ቪያራን የሊማ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እኔ ነኝ የማጥብላቸው፣ መድኃኒታቸውን የምሰጣቸው፣ በየዓመቱ በባህር መርከብ ሲዞሩም አብሬያቸው የምዞረው። ባህሩን የእሳቸውን ያህል የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም፣ የመርከቡን ስም ሰምተው ቁርሱ ምን እንደሆነ ይነግሩዎታል። ዘንድሮ ግን ባህሩ መረረኝ አሉ። መርከቡ ከተማ ሆነ፣ ምሳ ለመብላት ሰልፍ፣ ከኮሪደር ኮሪደር ጉልበቴ አለቀ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ብቻ ሳይ መቃብሬን የማይ ነው የሚመስለኝ፣ አሁን የሚሻለኝ ትንሽ መርከብ ነው፣ ማዕበል የሌለበት፣ ግራና ቀኝ መሬት እያየሁ የምሄድበት። ወንዝ እንሂድ፣ ያንቺን ወንዝ አሉኝ። ጌታዬ እኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን ሰምቻለሁ፣ የወደዱት እንዲህ እንደሚያስፈራ ግን ማንም አልነገረኝም።

ታዲያ ካታሎጎቹን አልጋው ላይ ዘርግተን መረጥን። ምን ያደርጋል፣ የባህር ሰው ወንዝን በባህር ዓይን ነው የሚመርጠው። መጨረሻ ላይ ሁለት መርከብ ቀረልን። አንደኛዋ ዶራዶ የምትባል አሮጌ፣ መሪዋ ሰንደል ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ፎቶዋ ላይ አፍንጫዋን አሸዋ ላይ አውጥታ ተኝታለች፣ መንገደኞቹ አሸዋው ላይ ዓሣ እየጠበሱ ይስቃሉ። እኔ ይቺን እንያዝ አልኳቸው፣ ወንዝ ላይ እንዲህ ነው የሚታደረው። እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ «ልጄ፣ አሸዋ ላይ የወጣ መርከብ እኮ ባህር ላይ ቢሆን ዜና ነው፣ እነዚህ ደግሞ ፎቶ አንስተው ይሸጡታል» አሉኝ። ሁለተኛዋ ጋርሳ ናት። በረንዳ አላት፣ የብርጭቆ መብራት አላት፣ ካፒቴኗ ካፒቴን አራምቡሩ ትከሻቸው ላይ የወርቅ ጥለት ያላቸው፣ ትልልቅ የባህር መርከብ ሲነዱ የኖሩ። ከጎናቸው ደግሞ ማን ቆሟል፣ እርስዎ ራስዎ፣ አንድ እጅዎ ትከሻቸው ላይ፣ በሌላው በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዘው፣ ከሥሩ በወንዛችን እጅግ አስተማማኟ መርከብ ይላል፣ ስምዎና ማዕረግዎም አለ። እትዬ የወደቡ ሹም ካሉማ ብለው እዚያው ወሰኑ። የክፍሉንም በኩል ራሳቸው መረጡ፣ ባህር ላይ ሁሌ መሬት መሬቱን የሚያየውን በኩል ነው የሚይዙት፣ እዚህም ዳሩን የሚያየውን ያዙ። መርከቡ ሲታሰር አፋፉን በመስኮታቸው እጃቸውን ዘርግተው ይነኩታል ማለት ነው። ስለ ፎቶው እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ያምራሉ።

ሦስተኛው ካፒቴኑን ስለሰጡን ነው።

የመጀመሪያው ማታ የወንዙ መሪ ዶን አርቴሚዮ፣ እኒያ መንገዱን የሚያሳዩት የሀገር ሰው፣ ጋርሳን ዝቅ ባለው ዳር ጭቃው አጠገብ አሰሯት። እኔ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ጠዋት ውሃው ጎደለና መርከቡ ትንሽ ሆዱ መሬት ነክቶ ዘመም ብሎ ቆመ። ይሄ በኛ ወንዝ ምን ነገር ነው ጌታዬ፣ ቁርስ ይበላል፣ ይገፋል፣ ይሳቃል፣ ይኬዳል። መንገደኞቹ ግን ሁሉም የባህር ሰዎች ናቸው፣ መርከብ መሬት ነካ ሲባል ለእነሱ አለቀ ማለት ነው፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰው በፒጃማቸው ሰገነቱ ላይ ተሰለፉ፣ አንዱ ሽማግሌ ሚስቱን ይቅር በይኝ እያለ ነበር፣ ውሃው እኮ እስከ ጉልበቱ አይደርስም። አንዲት ሴት ለምን ማንቂያ ደወሉ አይደወልም እያለች ምግብ ቤቱን ትዞራለች። እትዬም እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። እኔ እትዬ አይዞዎት፣ ወንዝ ላይ መሬት ከሥርዎ ካለ ተርፈዋል ማለት ነው አልኳቸው፣ አልሰሙኝም።

ካፒቴኑን ቢያዩዋቸው ፊታቸው ወረቀት ሆነ። የባህር ካፒቴን መርከብ መሬት አስነካ ከተባለ እንደ ሌባ ነው የሚታይ አሉ፣ እንጀራውም ያበቃል። በሰው ሁሉ ፊት ዶን አርቴሚዮን ሰደቧቸው። ከዛሬ ጀምሮ ከመርከቤ ሥር ጥልቅ ውሃ ከሌለ አልታሰርም፣ ጥልቁ የት እንደሆነ በመሣሪያዬ አየዋለሁ አሉ። መንገደኛው አጨበጨበ። ጥልቁ ውሃ የት ነው ጌታዬ፣ እርስዎ እዚህ ተወልደው ያደጉ ነዎት። ኩርባው በሚመታበት በኩል፣ ከረጅሙ አፋፍ ሥር ነው። ጥልቅ የሆነውም ወንዙ ዳሩን እየበላው ስለሆነ ነው። ውሃው ሲሞላ አፋፉን ደግፎ ይይዘዋል፣ ሲጎድል እርጥቡ አፈር የሚደገፍበት ያጣል፣ ይሄን ሳንታ ኤልቪራ ዶሮዎቹ እንኳ ያውቁታል፣ ጠዋት ጠዋት ከዳሩ ይርቃሉ።

ዶን አርቴሚዮን ማድ ቤቱ ጓሮ አግኝቼ ለምን አይነግሯቸውም አልኳቸው። እግራቸውን እያዩ ነው የመለሱልኝ። «ነገርኩት። ጠዋት መሬት ያስነካኸኝ አንተ ነህ፣ አፍህን ዝጋ አለኝ። አንቺ ብትባረሪ እትዬሽ አሉሽ፣ እኔ ብባረር ማን አለኝ» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። አሁን እሳቸውም እዚያው ናቸው።

አራተኛው፣ አራተኛ ነው አይደል፣ ሁለተኛው ማታ ነው። አፋፍ ሥር ታሰርን። እራት እየተበላ እያለ አፈሩ መንጠባጠብ ጀመረ፣ መጀመሪያ እፍኝ እፍኝ፣ ከዚያ ቁና ቁና፣ ጧ ይላል ውሃው ውስጥ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጧ። መንገደኞቹ ዓሣ የሚዘል መስሏቸው ካሜራ አውጥተው ይጠብቁ ነበር፣ ጧ ባለ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። አንዷ ሴትዮ እጇን አጨብጭባ ይሄ እኮ ባህር ላይ የለም አለች። እውነቷን ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ ሲያሳስቅ በዓይኔ ያየሁት ያን ማታ ነው። እኔ ከእራቱ ተነስቼ ካፒቴኑ ጋ ሄድኩ፣ በሰው ፊት ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ አጎቴን ነገርኳቸው። ካፒቴኑ ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም፣ እንግዳ ታስደነግጪያለሽ ብቻ አሉኝ። ያን ማታ አፋፉ ቆሞ አደረ። ጠዋት ሁሉም እያየኝ ሳቀ፣ አፋፍሽ እንዴት አደረ የሚለኝ ብዙ ነበር። አንድ ማታ ቆሞ ያደረ ነገር ለዘላለም ይቆማል ብለው ነው የሚያስቡት።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ወደብ ሲደርሱ ፌስታሌን አሸክመው አወረዱኝ። እትዬ ግሪሴልዳን ልወቅሳቸው አልችልም። ባህር ላይ ማዕበል በተነሳ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ነበር፣ ማዕበሉ ያልፋል፣ እሳቸው ከአልጋው ሥር እየጎተቱ ያወጡኛል። ዛሬም እንደዛ መሰላቸው። ጉንጬን ሳሙኝና፣ «ፈሪዬ፣ እዚህ መሬት ላይ ትንሽ አረፍ በይ፣ ስንመለስ እንወስድሻለን፣ ዛሬ ማታ ከትልቁ ዛፍ ሥር የሻማ እራት አለ፣ ያንቺን እካፈልልሻለሁ» አሉኝ። ለምን ይዘሻቸው አልወረድሽም እንዳይሉኝ፣ ይዣቸው ነበር፣ እጄን ያላቀቁት ሁለት አስተናጋጆች ናቸው።

ያ ትልቅ ዛፍ ሉፑናው ነው። አምና የአጎቴ ቤት ሲሄድ እሱ ቀርቶ ነበር፣ ግን ከዳሩ ላይ ቀርቶ ነው፣ ግማሽ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ገመድ ይወዛወዛል፣ ግንዱ ወደ ውሃው ጎንበስ ብሏል። መርከቧን ከእሱ ጋር ሊያስሯት ነው ጌታዬ። ሰው ራሱን ከሚወድቅ ነገር ጋር በገመድ ሲያስር ሰምተው ያውቃሉ? ሻማውን ከሥሩ ያበራሉ፣ እትዬ ያቺን ሐምራዊ ሻላቸውን ለብሰው ከሥሩ ይቀመጣሉ፣ ጧ ሲል ዓሣ ነው ይሏቸዋል። የዛሬ ወንዝ ደግሞ የትናንቱ አይደለም፣ በሌሊት ብዙ ጎድሏል፣ ትናንት ውሃ ውስጥ የነበረው የወደብዎ ደረጃ ዛሬ ጭቃው አግጥጦ ፀሐይ ላይ ነው፣ በመስኮትዎ ይታያል፣ መጋረጃውን ከገለጡት።

አምስተኛና የመጨረሻ፣ ሬዲዮው። እሱን አይቼዋለሁ። ቢሮዎ ውስጥ ከባንዲራው ጎን ነው፣ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፣ አንዳንዴ ይንሾካሾካል፣ ከበሩ እስከ እሱ ድረስ ዘልዬ እደርስ ነበር፣ ጠብመንጃ የያዘው ወታደር ባይኖር። ጋርሳም ከላይ የምትሰማው እሱን ብቻ ነው፣ ከሳን ኮስሜ ወዲያ ወንዙ ላይ ስልክ አይሠራም። ለወይዘሪት ማርሌኔ አንቺ ተናገሪላቸው አልኳት፣ ያለ ሹሙ ማንም አይነካውም አለችኝ። ሹሙስ አልኳት፣ የክርስትና ልጃቸው ልደት ላይ ናቸው አለችኝ። የት አልኳት፣ አይነገርም አለችኝ። የጭፈራው ድምፅ ግን እስከ ወደቡ ይሰማል፣ ከድልድዩ ማዶ ካለው ቢጫ ቤት ነው፣ ሄጄ ነበር፣ በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ሹሙ በበዓል ቀን ሥራ አይሠሩም ብለው መለሱኝ። ልጁን እግዜር ያሳድግልዎት። ባለጀልባዎቹንም ለመንኩ፣ መርከቡ ቀድሟል ትንሿ ሞተር ከነገ በፊት አትደርስበትም አሉኝ፣ አንዱ እንደውም ሹሙን ለምኚ፣ አንድ ቃል ነው የሚያስፈልጋቸው አለኝ። እሱም በሬዲዮ የሚናገሩትን ቃል ማለቱ ነው።

ምስጋናዬን ሳልረሳ። አምና ስላሳቁኝ አመሰግናለሁ። ለካፒቴኑ ፈቃድ ሲሰጡ ወንዝ ያውቃሉ ወይ ብለው ስላላስቸገሯቸው አመሰግናለሁ፣ ባህር የሚያህል ነገር የሚያውቅ ሰው ወንዝ እንዴት ይጠፋዋል። ሰውን በጽሑፍ እንጂ በአፍ ስለማይሰሙ አመሰግናለሁ፣ ይኸው እጄ ተፍታታ። ሳንታ ኤልቪራን ከወንዙ ካርታ ላይ ቶሎ ስላስፋቁልን አመሰግናለሁ፣ ፈልገን እንዳንደክም ነው።

እሺ ብለው ከተነሱ ሥራው ትንሽ ነው። እኔን ማመን እንኳ አያስፈልግዎትም። ውሸታም ናት፣ እብድ ናት ብለው ይናገሩ፣ ግን ማዶ እሰሩ ይበሏቸው። ካፒቴኑ እርስዎን ያከብራሉ፣ በፎቶው ያስታውቃል። ማዶ አሸዋው ላይ ቢያድሩ ጠዋት ትንሽ ይዘማሉ፣ በፒጃማ ይጮኻሉ፣ እትዬ ይሰድቡኛል፣ ከሥራ ያስወጡኛል፣ ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል፣ እርስዎም አዲስ ቀልድ ያወጡልኛል። ምነው ያን ቀልድ ሰምቼ።

ከጭቃ እግሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በዓልዎ የደስታ፣ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እንግዳ በማስደንገጥ ከመርከብ የወረድኩት ታዛዥዎ፣

ኬይላ ካናኪሪ

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፦ ዛሬ ጠዋት ወይዘሪት ማርሌኔ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ ያለችኝ በርዎ አጠገብ ያለው አግዳሚ፣ ሰማያዊው፣ የአጎቴ የሴጉንዶ ቤት በር ነው። ማጠፊያው አሁንም አለበት፣ ቀለሙን አብሬው የቀባሁት እኔ ነኝ። አምና ወንዙ ይዞት ሲወርድ የወደብዎ ሰዎች አውጥተው እግር ገጥመውለታል፣ ጥሩ ሠርተውታል፣ አይወዛወዝም። ከፓውሂል የሚወርድ ነገር ሁሉ በደጅዎ ነው የሚያልፈው ጌታዬ፣ ለነገ ከአግዳሚ የሚሻል ነገር እንዳይወርድልዎ። አሁን ፀሐይዋ የፋርማሲው ጣራ ላይ ደርሳለች። የፋርማሲው ባለቤት ዶኛ ኔሊዳ ስልኩን ለሌላ ሰው አልሰጥም ብለውልኛል፣ ቁጥሩን በርዎ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፣ ከአጠገቡ አልነሳም፣ እባክዎ ሳይጨልም ይደውሉልኝ።